ማስጠንቀቂያ ለደብረ ብርሃን አካባቢ ሞተረኞች፦ «የፍጥነት ፓኬጅ» ሲሏችሁ ቀብድ አትስጡ

አሮጌ ስፖርት ሞተር ሳይክል ያላችሁ፣ በተለይ ካርቡሬተር (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ክፍል) ያለው ፐልሳር ወይም አፓቼ የምትነዱ፣ «ጉልበት እንጨምርበታለን» የሚል ሰው ሲመጣባችሁ ይህን አንብቡ። የሚሸጡላችሁ ነገር ከቦታ ቦታ ብዙም አይለያይም፦ ሳጥን የሌለው ክብ የአየር ፊልትሮ፣ ቁጥሩ ከፍ ያለ ጄት (ካርቡሬተር ውስጥ ቤንዚን የምትለካ ባለ ቀዳዳ ቁራጭ)፣ «ሬሲንግ» የሚባል ሲዲአይ (የካንዴላውን እሳት የሚያዝ የኤሌክትሪክ ዕቃ)፣ ሆድ ዕቃው የወጣ ማርሚታ። ኪሳችሁ ደህና ከመሰላቸው ሲሊንደር ማስፋትና ቴስታታ (የሲሊንደሩን ክዳን) ማስላጨት ይጨመራል። እያንዳንዱ ዕቃ ሌላ ቦታ ሊሠራ ይችላል። እኛ ያለንበት ከፍታ ላይ ግን አብዛኛው ገንዘብ ከፍሎ ሞተር ማስገደል ነው።

ከአየሩ እንጀምር። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ግድም ላይ ናት። እዚህ ያለው የአየር ግፊት ባሕር ጠለል ላይ ካለው 70 በመቶ ገደማ ነው። ሞተር የሚያቃጥለው ቤንዚን ብቻ አይደለም፤ አየር ካነሰው ጉልበቱም ያንሳል። ስለዚህ ፋብሪካው 17 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር እዚህ 12 ወይም 13 ቢሰጥ አልተበላሸም። «ሞተርህ ደክሟል» ብሎ የሚጀምር ሻጭ ይህን ልዩነት ነው መልሶ የሚሸጥላችሁ፤ የትኛውም ፊልትሮ ደግሞ አየሩን አያወፍረውም።

ካርቡሬተር የአየሩን መሳሳት አያውቅም። ቤንዚኑን ቆላ ላይ እንዳለ ያህል ይለቃል። የፐልሳርና የአፓቼ በቫኩም የሚሠራ ስለሆነ ጥቂቱን ያካክሳል እንጂ ሁሉንም አያካክስም። ስለዚህ ምንም ያልተነካ ሞተር እንኳ እዚህ ቤንዚን ይበዛበታል። ትልቅ ጄት ሲጨመርበት ምን እንደሚሆን አስቡት፦ ነዳጅ ስትሰጡት ይታፈናል፣ ጥቁር ጭስ ይተፋል፣ ያልተቃጠለው ቤንዚን የሲሊንደሩን ግድግዳ ዘይት እያጠበ ወደ ታች ይወርዳል። የዘይት መሙያውን ክዳን ከፍታችሁ ስታሸቱት ቤንዚን ቤንዚን ካለ የፒስተን ፋሻው እየተበላ ነው። ፊልትሮና ማርሚታ ሲከፈት ጄት ከፍ ማድረግ ያስፈልጋል የሚሉት ውሸት አይደለም፤ ግን የቆላ ስሌት ነው። እዚህ የአየሩ መሳሳትና የፊልትሮው መከፈት ስለሚካካሱ ብዙ ጊዜ የፋብሪካው ጄት ይበቃል።

ማረጋገጫው ካንዴላው ላይ ነው። ሞተሩ በደንብ ከሞቀ በኋላ ሰው በሌለበት ቀጥ ያለ መንገድ፣ በሦስተኛ ማርሽ ነዳጅ መስጫውን እስከ መጨረሻው ከፍታችሁ ጥቂት ሂዱ። ከዚያ ፍሪሲዮን ይዛችሁ እዚያው ሞተሩን አጥፉት፤ ዝም ብላችሁ ካስጮኻችሁት ምልክቱ ይጠፋል። ካንዴላውን ፈትታችሁ ጫፉን ያዘውን ነጭ ሸክላ ተመልከቱ። ቀለል ያለ ቡና ዓይነት ከሆነ ጥሩ ነው። ጥላሸት ከለበሰ በጣት ነካ አድርጉት፤ ደረቅና ዱቄት ከሆነ ቤንዚን በዝቷል፣ እርጥብና ቅባት ከሆነ ዘይት እያለፈ ነው፤ ይህን ጄት መቀየር አያድነውም። እንደ ኖራ ነጭ ከሆነ ደግሞ ቤንዚን አንሶታል፣ እንደዚያ አትንዱት። ጄት መቀነስ ካስፈለገ በአንድ ጊዜ አንድ ደረጃ ብቻ፣ በሚኩኒ (የካርቡሬተር ሠሪ) ቁጥር 2.5፣ ቀንሱና ሙከራውን ድገሙ።

እዚህ ላይ የእኛ አገር ልዩ ጣጣ አለ። ጣርማ በር ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ናችሁ፤ ደብረ ሲናን አልፋችሁ ሸዋ ሮቢት ስትደርሱ 1,280 ሜትር ግድም ናችሁ። በአንድ ጉዞ ይህን ያህል ትወርዳላችሁ ማለት ነው። ለደብረ ብርሃን ብቻ ተብሎ ጄቱ በጣም የተቀነሰ ሞተር ሸዋ ሮቢት ላይ ቤንዚን ያንሰዋል፣ ይግላል፣ ፒስተን እስከ መብሳት ይደርሳል። ቆላ የምትመላለሱ ሰዎች የፋብሪካውን ጄት አትንኩ። እዚሁ ከፍታ ላይ ትንሽ መታፈን ይሻላል።

ቴስታታ ማስላጨትም እንዲሁ ነው። የኮምፕሬሽን መጠኑ (ፒስተኑ አየርና ቤንዚኑን የሚጨምቅበት እጥፍ) 9.5 የሆነ የ180 ሲሲ ሞተር አንድ ሚሊ ሜትር ቢላጭ ወደ 11 ይጠጋል። ቀጭኑ አየር ስለሚሸፍነው ደብረ ብርሃን ላይ ምንም አይሰማም፣ «አየህ፣ ሠራ!» ይሏችኋል። ከሸዋ ሮቢት ሙቀት ተነስታችሁ፣ ሰው ጭናችሁ ሽቅብ ስትመለሱ ግን ጠጠር በቆርቆሮ ውስጥ ሲንኮሻኮሽ ዓይነት ድምፅ ይመጣል። ቤንዚኑ ያለ ሰዓቱ እየተቀጣጠለ ፒስተኑን እየቀጠቀጠው ነው። የተላጨ ቴስታታ ደግሞ አይመለስም።

ብዙ ሰው የሚታለልበት ግን የኮምፕሬሽን ጌጅ፣ ሲሊንደር ውስጥ ያለውን ግፊት የሚለካው መሣሪያ፣ ነው። ሰውዬው ጌጁን ይሰካል፣ 120 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) ያነባል፣ «መሆን ያለበት 170 ነበር፣ አልቋል፣ ረቲፊካ ይግባ» ይላል፤ ሲሊንደሩ ሰፍቶ ትልቅ ፒስተን ይግባ ማለቱ ነው። ጌጁ አልዋሸም፤ ግን 170 የሚለው ቁጥር የባሕር ጠለል ቁጥር ነው። የእኛን አየር ስታሰሉበት 170 በ0.7 ሲባዛ 119 ይሆናል። ያ ሞተር ጤነኛ ነው! ጤነኛ ሞተር በዚህ ምክንያት ሲፈታ ማየት ያበሳጫል። በትክክል ለመለካት ሞተሩ ይሙቅ፣ ነዳጅ መስጫው ሙሉ በሙሉ ይከፈት፣ የጌጁ መርፌ መውጣት እስኪያቆም ማስነሻው ይመታ። ፐልሳር ሁለት ካንዴላ ስላለው አንዱ ብቻ ይነቀል፣ ሁለተኛው ተዘግቶ ይቆይ። ቁጥሩ ከ100 በታች ከወረደ አንድ የሻይ ማንኪያ የሞተር ዘይት በካንዴላው ቀዳዳ ጨምራችሁ ድገሙት። ከፍ ካለ ፋሻው ነው፤ ካልተነቃነቀ ቫልቭ ላይ ፈልጉ፣ መጀመሪያም የቫልቩን ክፍተት። ጠቦ ከሆነ በአንድ የክፍተት መለኪያና በግማሽ ሰዓት የሚያልቅ ሥራ ነው።

«180ውን 200 እናደርገዋለን» ለሚሉት ደግሞ ስሌቱ ይኸው። የፐልሳር 180 ሲሊንደር ስፋት 63.5፣ የፒስተኑ ምልልስ 56.4 ሚሊ ሜትር ነው። ገበያ ላይ ያለው የጥገና ፒስተን በ0.25፣ 0.50፣ 0.75 እና 1.00 ነው የሚጨምረው። ትልቁ፣ ባለ 1.00ው፣ ቢገባ ሞተሩ 184 ሲሲ ይሆናል፤ ከነበረበት 3 በመቶ ብቻ። 200 ለማድረስ ስፋቱ 67.2 መሆን አለበት፣ የሲሊንደሩ ሸሚዝ ያን ያህል ሥጋ የለውም። ስለዚህ ረቲፊካ ያረጀን ሞተር ወደ ቦታው ይመልሳል እንጂ 200 አያደርግም። በእርግጥ ካስፈለጋችሁ ከመገጠሙ በፊት የፒስተኑን አናት እዩት፤ መጠኑ እዚያው ተመትቶበታል። ለ1.00 ከፍላችሁ 0.50 የሚል ካያችሁ ሥራውን አስቁሙ።

ክቡ ፊልትሮ ላይ ብዙ አልቆይም። ከአስፋልት ወጥቶ በየገጠሩ ለሚነዳ ሰው አፈር መጋበዝ ነው። ከገጠማችሁ ጣታችሁን በካርቡሬተሩ አፍ ውስጥ አዙራችሁ በሁለት ጣት እሹት፤ አሸዋ አሸዋ ካለ ዛሬውኑ የድሮውን ሳጥን መልሱ። ማርሚታ መክፈት የሚጨምረው ጩኸት ነው፤ ዳገት ላይ የምትፈልጉትን የዝቅተኛ ዙር ጉልበት ይቀንሳል። ገደብ የሌለው ሲዲአይ ደግሞ ሞላው የደከመ አሮጌ ቫልቭ የማይችለውን ዙር ይፈቅዳል፣ ከፒስተን ጋር ያጋጨዋል።

ገንዘባችሁ የሚሠራበት ቦታ ሌላ ነው። ካርቡሬተሩ በደንብ ይጠብ፣ ቫልቭ ይስተካከል፣ ፍሪሲዮን የሚያንሸራትት ከሆነ ሸራው ይለወጥ። ዳገት የሚያስቸግራችሁ ከሆነ የፊቱን የካቴና ጥርስ በአንድ ቀንሱ። ከ15 ወደ 14 ማለት በእያንዳንዱ ማርሽ 7 በመቶ ተጨማሪ ስበት (የመጎተት ጉልበት) ነው፤ ከላይኛው ፍጥነት ያን ያህል ትሰጣላችሁ፣ ጣርማ በር ላይ የሚሰማችሁ ግን ስበቱ ነው። ካቴናውና ሁለቱ ጥርሶች አብረው ይለወጡ፤ አዲስ ካቴና አሮጌ ጥርስ ላይ ቶሎ ያልቃል። ከሁሉ በፊት ደግሞ ፍሬን። የዲስክ ፍሬን ዘይት ውኃ ይስባል፤ አዲስ ዶት 4 የሚፈላው በ230 ዲግሪ ሲሆን ውኃ የሳበው በ155 ሊፈላ ይችላል። ከጣርማ በር ዋሻ ቁልቁል በጉም ውስጥ ስትወርዱ የፍሬኑ ማንሻ ባዶ ሆኖ እጃችሁ ላይ የሚተኛው ያኔ ነው። በየሁለት ዓመቱ ለውጡት።

ይህን ሁሉ አውቃችሁም ሥራ የምታስገቡ ከሆነ ቀብድ ያለ ደረሰኝ አትስጡ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ 813/2006 ነጋዴ ደረሰኝ እንዲሰጥ ያስገድዳል፤ አቤት ስትሉም የምትይዙት እሱን ነው። የሚገባው ዕቃ ስም፣ የጄቱና የፒስተኑ ቁጥር ደረሰኙ ላይ ይጻፍ። ከማስገባታችሁ በፊት ካርቡሬተሩንና ሲዲአዩን ፎቶ አንሱ፣ ላያቸው ላይ ያለው ቁጥር እንዲታይ፤ ኦሪጅናሉ ቀርቶ ፎርጅድ የሚገጠመው በዚህ መሀል ነው። «የ220 ሞተር ሙሉውን እንግጠምልህ» ካሏችሁ ሊብሬያችሁን አውጡ፤ የሞተር ቁጥሩ ካልገጠመ ቦሎ ላይ ትቆማላችሁ፣ የተሰረቀ ሆኖ ከተገኘ ደግሞ የምትጠየቁት እናንተ ናችሁ። የወጣውን አሮጌ ዕቃ፣ ጄቷን ሳይቀር፣ ቆጥራችሁ በላስቲክ ይዛችሁ ውጡ።