በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሻንግሃይ ላይ ማንን ይዞ መነገድ ይሻል ነበር? ሸሪክ ወይስ ኮምፕራዶር (ለውጭ ነጋዴ የሚሠራ ቻይናዊ ወኪል)?
እ.ኤ.አ. በ1842 የናንጂንግ ውል ሻንግሃይን ጨምሮ 5 ወደቦችን ለንግድ አስከፈተ። እዚያ የሄደ የውጭ ነጋዴ እንደሱ ከውጭ የመጣ የራሱን አገር ሰው ሸሪክ ማድረግ ይችል ነበር። ቋንቋቸው አንድ ነው፣ ትርፍም ይካፈላሉ። ግን ሸሪክየውም ቻይንኛ አይችልም! ሲከስሩ ደግሞ ዕዳው እስከ ግል ንብረታቸው ይደርሳል።

ኮምፕራዶር ግን ገበያውን የሚያውቅ ቻይናዊ ነበር። ሻይና ሐር ያፈላልግ፣ ሠራተኛ ይቀጥር፣ ለገዢና ሻጭ ዋስ ይሆን ነበር። በሥሩ ያለው ብር ቆጣሪ የብር ዶላሩን አንድ በአንድ እያንኳኳ ድምፁን ያዳምጥ ነበር፤ አስመስሎ የተሠራው እዚያው ይለያል።

ጣጣው፣ ቁልፉ ሁሉ ኮምፕራዶሩ እጅ መግባቱ ነበር። ለምሳሌ ታንግ ቲንግሹ የእንግሊዙ ንግድ ድርጅት የጃርዲን ማቲሰን ኮምፕራዶር ነበር። በ1873 ለቆ የቻይናውያኑን የእንፋሎት መርከብ ኩባንያ መምራት ጀመረ፤ ለቀድሞ አሠሪዎቹ ተፎካካሪ ሆነ ማለት ነው። እኔ ብሆን ግን ያም ሆኖ ኮምፕራዶሩን እይዝ ነበር።