ለጄዜድ ሞተር የትኛው ማኑዋል ካምቢዮ ይሻላል? ደብሊው58፣ አር154 ወይስ ሲዲ009

ቶዮታ በ1990ዎቹ ጄዜድ በተባለው ባለ ስድስት ሲሊንደር ሞተሩ ያወጣቸው ቼዘር፣ ማርክ 2፣ ሶረርና ሱፕራ ብዙዎቹ ከፋብሪካ የወጡት በአውቶማቲክ ነው። ሞተሩ ዛሬም ጤነኛ ሆኖ አውቶማቲኩ ሲደክም ባለቤቱ ወደ ማኑዋል መቀየር ያስባል። ያኔ በገበያው ሦስት ስሞች ይጠብቁታል፦ ደብሊው58፣ አር154 እና ከኒሳን 350ዜድ የሚወጣው ሲዲ009። ከቱርቦው የሱፕራ ኤ80 የሚገኘው ባለ ስድስት ማርሽ ጌትራግ ቪ160 ከሁሉም ይጥማል። ሆኖም ዋጋው ብዙ ጊዜ ከመኪናው ጋር ስለሚፎካከር እዚህ አናነሳውም።

ከሦስቱ አንዱን በካምቢዮው ዋጋ ብቻ የመረጠ ይሳሳታል። ገንዘቡ የሚያልቀው በዙሪያው ባለው ነገር ላይ ነው፦ ካምፓናው (ካምቢዮውን ከሞተር የሚያገናኘው ደወል መሰል ቤት)፣ ቮላኖው (ከሞተሩ ዘንግ ጫፍ የሚታሰረው ከባድ ክብ ብረት)፣ ፍሪሲዮኑ፣ ትራስሚሲዮኑ (ከካምቢዮው ወደ ዲፈረንሲያሉ የሚሄደው ዘንግ)፣ የካምቢዮው መቀመጫ፣ ፔዳሉ። ስለዚህ ለሻጩ የሚቀርበው የመጀመሪያ ጥያቄ «ስንት ነው?» ሳይሆን «ከምን ከምኑ ጋር ነው?» መሆን አለበት።

የማርሽ ምጣኔያቸው (የካምቢዮው መውጫ አንዴ ሲዞር ሞተሩ የሚዞረው ዙር) ከአንደኛ ማርሽ ጀምሮ እንዲህ ነው፦

ደብሊው58፦ 3.285፣ 1.894፣ 1.275፣ 1.000፣ 0.783
አር154፦ 3.251፣ 1.955፣ 1.310፣ 1.000፣ 0.753
ሲዲ009፦ 3.794፣ 2.324፣ 1.624፣ 1.271፣ 1.000፣ 0.794

ቁጥሩ መንገድ ላይ ምን እንደሚሆን ለማየት 225/50 አር16 ጎማና 3.7 ምጣኔ ያለው ዲፈረንሲያል እንውሰድ። ሞተሩ 6500 ዙር ሲደርስ አር154 በአንደኛ ማርሽ 64 ኪሎ ሜትር በሰዓት ገደማ ይሄዳል፤ ሲዲ009 ግን 55 ላይ ያበቃለታል። የሲዲ009 አንደኛ በዚህ ዲፈረንሲያል አጭር ነው። ገና ከመነሳት ሁለተኛን ያስጠይቃል፤ ቱርቦው ከበረታም ጎማውን ያሽከረክራል። ዲፈረንሲያሉ ወደ 3.3 ሲወርድ አንደኛው ወደ 62 ይጠጋል፣ በ100 ኪሎ ሜትር ጉዞም ስድስተኛው ወደ 2200 ዙር ይወርዳል። ሲዲ009 ሊገዙ ያሰቡ የዲፈረንሲያሉን ወጪ አብረው ያስሉ። በሌላ በኩል ማርሾቹ ተቀራራቢ ናቸው። ከሁለተኛ ወደ ሦስተኛ ሲቀየር አር154 ከ6500 ወደ 4350 ገደማ ሲወርድ ሲዲ009 በ4540 አካባቢ ይቀራል። ትልቅ ቱርቦ ለገጠመ ሰው ይህ ልዩነት ቱርቦው ሳይተኛ እንዲቀጥል ያደርጋል።

ደብሊው58

ቱርቦ ከሌለው 2ጄዜድ-ጂኢ ጋር የመጣ ነው፤ እዚያም ዕድሜ አለው። ቀላል ነው፣ ማርሹ በለስላሳው ይገባል፣ ከሦስቱም ርካሹ ነው። ቱርቦ ሲጨመርበት ግን የሚጎዳው ከፈረስ ጉልበቱ ይልቅ ድንገተኛው ምት ነው። ፍሪሲዮን በድንገት ሲለቀቅ ዘንጎቹ ይገፋፋሉ፣ የአሉሚኒየሙ ቤት ትንሽ ይለጠጣል፣ ጥርሶቹም በጫፋቸው ብቻ ይያያዛሉ። ከዚያ ጥርስ ይሰበራል። 300 የፈረስ ጉልበት አካባቢ ለለዘብተኛ ነጂ ገደቡ ነው ብለን እንይዛለን። ቱርቦ ባለው 1ጄዜድ-ጂቲኢ ላይ መግጠም ይቻላል፤ ሞተሩ ከፋብሪካ እንደወጣ ከቆየና ነጂው ከገራ ዓመታት ይሄዳል። ኃይል ሊጨምሩ ካሰቡ ግን ሁለት ጊዜ መግዛት ይሆናል፣ ምክንያቱም የደብሊው58 ካምፓና አር154ን አይቀበልም። ከ7ኤም (ከጄዜድ በፊት ከነበረው የቶዮታ ሞተር) የወጣ ደብሊው58 ሲገኝም ካምፓናው ለጄዜድ ስለማይሆን የጄዜዱን ለብቻ መፈለግ ግድ ነው።

አር154

ብዙው ሰው መጨረሻ ላይ የሚያርፍበት ይህ ነው፤ እኛም የምንመክረው ይህን ነው። ቶዮታ ራሱ ከ1ጄዜድ-ጂቲኢ ጋር ገጥሞታል። ከጄዜድ መኪና ሙሉውን ከካምፓናው ጋር ካገኙት ማገናኛ ሳህን የለ፣ መቁረጥ የለ፣ በብሎን ይታሰራል። በአንዳንድ ሂሉክስና ፕራዶ ላይ ያሉት የአር ካምቢዮዎች የቅርብ ዘመዶቹ ስለሆኑ እነሱን የፈታ መካኒክ ውስጡ እንግዳ አይሆንበትም። ከ7ኤም ቱርቦ የወጣውም ያው አር154 ነው፤ ካምፓናው ግን የ7ኤም ስለሆነ የጄዜድ ካምፓና ይፈልጋል። ርካሽ ሆኖ የተገኘው አር154 ብዙ ጊዜ ይህ ነው። ካምፓናው ተገዝቶ ሲደመር ርካሽነቱ ይቀራል።

ድካሙ የታወቀ ነው። የአንደኛ ማርሽ የግፊት ቀለበት ይበላል፣ የኩሽኔታ መያዣው ሳህን በግፊት ይታጠፋል፣ የአምስተኛ ማርሽ ዳዶም ሊላላ ይችላል። ካምቢዮው ወለል ላይ እያለ ተከፍቶ ጠንካራ የግፊት ቀለበት፣ ወፍራም መያዣ ሳህንና አዲስ ሲንክሮናይዘር (ማርሽ ሲገባ ፍጥነቱን የሚያስማማው የናስ ቀለበት) ቢገባለት በኋላ ለሁለተኛ ጊዜ ከመውረድ ያድናል። በደህና ሁኔታ ያለ አር154 ከ400 እስከ 500 የፈረስ ጉልበት ይሸከማል፤ ከዚያ በላይ በተለይ በሚይዝ ጎማ አደጋው ይጨምራል።

ከመግዛት በፊት የማፍሰሻውን ቡሎን ፈተው ማግኔቱን ይዩ። ደቃቅ ግራጫ ዱቄት የተለመደ ነው። በዘይቱ ውስጥ ያለ ቢጫ ብናኝ ሲንክሮናይዘር እያለቀ መሆኑን ይናገራል፤ በጣት የሚያዝ የብረት ቁራጭ ካለ ይተዉት። የፊተኛውን ዘንግ በእጅ እያዞሩ አምስቱንም ማርሽና ሪቨርሱን ያስገቡ። ያ ዘንግ ወደ ጎን ትንሽ ቢነቃነቅ አይደንግጡ፤ ጫፉን የሚደግፈው ሞተሩ ውስጥ ያለው ኩሽኔታ ነው። ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚመላለስ ከሆነ ግን ውስጡ ልቅ ነው።

አንድ ነገር በጣም ይጠንቀቁ፦ የአር154 ፍሪሲዮን የሚገፋም የሚጎተትም ዓይነት አለው። የአንዱ ካምፓና፣ ሹካና ረጂስፒንታ (ፍሪሲዮኑን የሚያስለቅቀው ኩሽኔታ) ከሌላው ተጫኝ ሳህን ጋር አይሠራም። ሁሉም ከአንድ መኪና ይምጣ፣ አለዚያ ዓይነቱ ተለይቶ ይገዛ።

ሲዲ009

ጥንካሬው አያጠራጥርም፤ 700 የፈረስ ጉልበት በሚያመነጩ መኪናዎች ላይ ሲሠራ ይታያል። ችግሩ ካምፓናው ከቤቱ ጋር አንድ ላይ የተቀረጸ መሆኑ ነው። ስለዚህ የኒሳኑ ካምፓና ተቆርጦ፣ ፊቱ ተስተካክሎ፣ በማገናኛ ሳህን ከጄዜድ ካምፓና ጋር ይታሰራል። ሳይፈታ የሚቆረጥ ከሆነ የአሉሚኒየም ፍርፋሪ በዘንጉ ዙሪያ ወደ ውስጥ ይገባና ኩሽኔታዎቹን ይጨርሳል፤ ቀዳዳው ሁሉ በደንብ ይታሸግ።

የማገናኛው ኪት ሲገጠም መለኪያው አንድ ነው፦ የካምፓናው መሃል ከሞተሩ ዘንግ መሃል ጋር ይግጠም። በኮምፓራቶር (ሰዓት መሰል የመርፌ መለኪያ) አንድ ሙሉ ዙር ሲለካ ንባቡ ከ0.13 ሚሊ ሜትር መብለጥ የለበትም። ካለፈ የመሃሉ ኩሽኔታ (በሞተሩ በኩል የካምቢዮውን ዘንግ ጫፍ የሚደግፈው) ይጮሃል፣ ማርሽ ይንገጫገጫል፣ የፍሪሲዮኑ ዲስክ እምብርትም ይሰነጠቃል። ይህን ሳይለኩ የሚገጥሙ ቤቶች ስላሉ ውጤቱን በቁጥር ይጠይቁ።

ሌቫው (የማርሽ መቀየሪያው ዘንግ) ከቶዮታው ቀዳዳ ወደ ኋላ ይርቃል፤ ወደ ፊት የሚያመጣ ኪት ወይም የወለል መቁረጥ ይፈልጋል። ለቶዮታው ዳሽቦርድ የሚሆን የፍጥነት ምልክትም ስለማይሰጥ ለኪሎ ሜትር መቁጠሪያው ሌላ ሴንሰር ያስፈልጋል። ቀድመው የወጡት፣ ከሲዲ001 እስከ ሲዲ008 ያሉት፣ በሲንክሮናይዘር ድካም ይታወቃሉ። ሻጩ «ያው ነው» ቢልም ቁጥሩን አይተው ይግዙ።

ለሦስቱም የሚሆን

አውቶማቲክ በነበረ ሞተር ዘንግ ጫፍ የመሃሉ ኩሽኔታ የለም፤ ከረሱት ካምቢዮው ከገባ በኋላ እንደገና መውረዱ ነው። የአውቶማቲኩ ሳህን ብሎኖች ለቮላኖ አይሆኑም፣ የቮላኖውን ይግዙ። የአውቶማቲኩ የኒውትራል ማብሪያ ሽቦ ካልተገናኘ ሞቶሪኖው አይነሳም።

ትራስሚሲዮኑ አዲስ ርዝመት ይፈልጋል። መኪናው በጎማው ቆሞ ይለካ፤ ተንሸራታቹ ጫፍ ወደ ውስጥ ሊገባ የሚችልበት 20 ሚሊ ሜትር ያህል ይቅር። ከተሠራ በኋላ ባላንስ ይደረግ። የካምቢዮውና የዲፈረንሲያሉ ዝንባሌ እኩልና ተቃራኒ ይሁን። ልዩነቱ ከአንድ ዲግሪ ካለፈ በፍጥነት ላይ ንዝረት ይመጣል፣ ክሮቼራም (የትራስሚሲዮኑ መስቀል መገጣጠሚያ) ቶሎ ያልቃል።

ዘይቱ ለአር154 75ደብሊው-90፣ ለሲዲ009 ደግሞ 75ደብሊው-85 ጂኤል-4 (የማርሽ ዘይት ደረጃ) ነው፤ ለሁለቱም ወደ 3 ሊትር ይገባል። በመሙያው ቀዳዳ ሲፈስ ሞልቷል። ጂኤል-4 በሚለው ቦታ ጂኤል-5 ብቻ የሆነ ዘይት አይጨምሩ፤ የሲንክሮናይዘሩን ናስ ሊጎዳ ይችላል።

መኪናው ወደ መንገድ ከመውጣቱ በፊት የኋላ ጎማዎቹ ከመሬት ይነሱ፣ ሞተሩ ጠፍቶ አንደኛ ማርሽ ይግባ፣ ፔዳሉ እስከ ወለል ይረገጥ። ትራስሚሲዮኑ በእጅ በነፃ ካልዞረ ፍሪሲዮኑ ሙሉ በሙሉ አልለቀቀም፤ ከፍሪሲዮኑ የዘይት መስመር አየሩ ይውጣ ወይም የፔዳሉ ዘንግ ይስተካከል። እንዲሁ ከተነዳ አዲሱ ሲንክሮናይዘር በሳምንታት ውስጥ ይበላል፣ ጥፋቱም በካምቢዮው ይላከካል።