የጄንኪንስ ፕለጊኖችን በፋይል ማስተዳደር፦ ከስምንት ወር በኋላ

ጅማ ፈረንጅ አራዳ ያለችው ቢሯችን ውስጥ አራት ሆነን እንሠራለን። ቡና ከገበሬ የሚረከቡ ነጋዴዎች ሚዛንና ክፍያ የሚመዘግቡበትን የስልክ መተግበሪያ ነው የምንሠራው፤ ኮዱን የሚፈትሽልንና የሚገነባልን ደግሞ ዶከር (ፕሮግራምን ከሚያስፈልገው ሁሉ ጋር አሽጎ የሚያስኬድ መሣሪያ) ላይ ያለው ጄንኪንስ ነው። ከመስከረም ወዲህ ፕለጊን (ጄንኪንስ ላይ ተጨማሪ ችሎታ የሚጨምር ቅጥያ) ከጄንኪንስ ድረ ገጽ ላይ በእጅ መጫን ትተናል። ሁሉም አንድ የጽሑፍ ፋይል ላይ ነው የሚሰፍረው።

ምክንያቱ ባለፈው ክረምት የደረሰብን ነው። መብራት ሲሄድ ሲመጣ የሰርቨሩ ዲስክ ተበላሸ። ኮዱ ጊት (የኮድ ለውጦችን የሚይዝ ሥርዓት) ላይ ስለነበር ተረፈ። ጄንኪንሱን እንደነበረ ለመመለስ ግን ሦስት ቀን ፈጀብን፤ የትኛው ፕለጊን በየትኛው ቨርዥን እንደነበር የጻፈው ሰው አልነበረም።

አሠራሩ ቀላል ነው። በየመስመሩ የፕለጊኑ መለያ ስም ይጻፋል፣ ከኮለን ቀጥሎ ቨርዥኑ። ዶከርፋይሉ (የግንባታው መመሪያ) ይህን ዝርዝር ኦፊሴላዊው የኤልቲኤስ (ለረጅም ጊዜ የሚደገፍ ቨርዥን) ኢሜጅ፣ ማለትም የታሸገው ጄንኪንስ፣ ላይ ይገለብጥና አብሮ የሚመጣውን የፕለጊን ሲኤልአይ (በትዕዛዝ የሚሠራ ፕሮግራም) ያስነሳል፤ ማውረዱን እሱ ይጨርሰዋል። መለያ ስሙ ገጹ ላይ ከሚታየው ሊለይ እንደሚችል ግን ልብ በሉ። ሁላችንም ፓይፕላይን የምንለው ፕለጊን መለያው ወርክፍሎው አግሪጌተር ነው፤ እሱን ስፈልግ አንድ ምሽት አልፎብኛል።

ትልቁን ትምህርት ያገኘሁት ኅዳር ላይ ነው። የማንጠቀምበትን ፕለጊን ከፋይሉ ሰርዤ ኢሜጁን እንደገና ገነባሁ። ኮንቴይነሩ (ከኢሜጁ ተነስቶ የሚሠራው ጄንኪንስ) ሲነሳ ፕለጊኑ እዚያው አለ። ለካ ኢሜጁ ሲነሳ ፕለጊኖቹን ወደ ጄንኪንስ ሆም ቮሉም (ኮንቴይነሩ ቢቀየርም የጄንኪንስ ዳታ የሚቆይበት ቦታ) ይገለብጣል እንጂ ቮሉሙ ላይ የነበረውን አያጠፋም። ስለዚህ ፋይሉ ይጨምራል፣ አይቀንስም፤ መቀነስ ስትፈልጉ ከቮሉሙም ላይ ማንሳት አለባችሁ። ከገጹ ላይ በእጅ ያሻሻላችሁትንም ኢሜጁ በራሱ አይነካውም። እንዲተካው ከፈለጋችሁ ፕለጊንስ ፎርስ አፕግሬድ የሚባለውን ኢንቫይሮንመንት ቫሪያብል (ለኮንቴይነሩ ከውጭ የሚሰጥ ቅንብር) ትሩ ማድረግ ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ችግር የመጣው ታኅሣሥ፣ የቡናው ግዢ ሲጧጧፍ ነው። ያው ፋይል፣ ያው ዶከርፋይል፣ ግን ቢልዳችን (ግንባታው) ወደቀ። እኛ የቆለፍነው፣ ማለትም ቨርዥኑን ፋይሉ ላይ የወሰንነው፣ 14ቱን ዋና ዋና ፕለጊኖች ብቻ ነበር። እነሱ ለመሥራት የሚፈልጓቸው ሌሎች ፕለጊኖች (ዲፔንደንሲዎች) ፋይሉ ላይ ስላልነበሩ በዕለቱ የተገኘው አዲሱ ቨርዥን ወረደ። ነጋዴዎቹ ማስተካከያ እየጠበቁ እኛ ሎግ ስናነብ አመሸን። ከዚያ በኋላ በደህና ከሚሠራው ጄንኪንስ ላይ ሙሉውን ዝርዝር ከነቨርዥኑ አውጥተን ጻፍነው፤ 14ቱ መስመር 71 ሆነ። ለማየት አያምርም፣ ግን ከዚያ ወዲህ ሁለት ቢልድ ተለያይቶብን አያውቅም።

ኢንተርኔት ለሚያስቸግረን ሰዎች ደግሞ አንድ መስመር ብትለውጡ ያ የዶከር ሌየር (የኢሜጁ አንድ ንብርብር) በሙሉ እንደገና ስለሚገነባ ሁሉም ፕለጊን እንደ አዲስ ይወርዳል። ስለዚህ ለውጦችን አጠራቅመን በወር አንዴ፣ ቅዳሜ ማታ እንገነባለን። የተሳካውን ኢሜጅ በዶከር ሴቭ (ኢሜጅን ወደ ፋይል በሚያወጣው ትዕዛዝ) ቢሮ ያለው ዲስክ ላይ እናስቀምጣለን። መቆለፍ ማለት የደኅንነት ማሻሻያም በራሱ አይመጣም ማለት ነው፤ የትኛው መስመር አዲስ ቨርዥን እንደወጣለት ያው ሲኤልአይ ይነግራችኋል፣ ግን በየወሩ መጠየቅ አለባችሁ። ይህን የማትጠይቁ ከሆነ ባትቆልፉ ይሻላል ብዬ አምናለሁ።

መጋቢት ላይ ማሽን ስንቀይር ጄንኪንሱ ከምሳ በፊት ተነስቶ ሥራ ጀመረ። ሴቲንጉም በኮንፊገሬሽን አስ ኮድ (የጄንኪንስን ሴቲንግ ከፋይል የሚያነብ ፕለጊን) ያምል በሚባል የጽሑፍ ፋይል ላይ ስለተጻፈ ከገጹ ላይ በእጅ የሞላነው ምንም አልነበረም። ፋይሎቹ የማይሸፍኑት የይለፍ ቃሎቻችንን ነው። እነሱ ጄንኪንስ ሆም ውስጥ ተመስጥረው ይቀመጣሉ፤ ሴክሬትስ የሚባለው ፎልደር ከጠፋ ሊፈቱ አይችሉም። እሱን በየሳምንቱ ዓርብ ለብቻው እየገለበጥን ከቢሮው ውጭ እናስቀምጣለን።