ለረጅም ጊዜ ለሚቆም መኪና፦ የናስ ባትሪ መቁረጫ ግምገማ

እዚህ የምገመግመው በባትሪው ኔጌቲቭ ራስ ላይ የሚታሰረውንና አረንጓዴ የፕላስቲክ እጀታውን በማላላት ብቻ የመኪናውን ኤሌክትሪክ የሚያቋርጠውን ትንሽ የናስ መቁረጫ ነው። ጎንደር ውስጥ ከአንድ የመለዋወጫ ሱቅ ገዝቼ፣ ማራኪ ሰፈር ባለው ግቢያችን ለሳምንታት አንዳንዴም ለወራት በሚቆም ቶዮታ ቪትዝ ላይ ስጠቀምበት ቆይቻለሁ። መኪናውን ከሁለት ሳምንት በላይ ሳያንቀሳቅስ ለሚያቆምና መብራቱ የማይቋረጥ ሶኬት በአጠገቡ ለሌለው ሰው፣ በዋጋው ከዚህ የተሻለ ነገር አላገኘሁም። ይሁንና ለሁሉም መኪና አይሆንም፤ በገበያ ላይ ካሉትም ውስጥ ፈጽሞ ሊገዛ የማይገባው አለ።

በከተማችን መኪና ለረጅም ጊዜ የሚያቆም ሰው ብዙ ነው። ነዳጅ ሲጠፋ የሚያቆም አለ፤ ወደ አዲስ አበባ በአውሮፕላን ሄዶ የሚሰነብት አለ፤ ውጭ አገር ያለ የወንድሙን ወይም የእህቱን መኪና በአደራ የሚጠብቅም አለ። ቁልፉ ተነቅሎና በሩ ተቆልፎ የቆመ መኪና ግን ኤሌክትሪክ መጠቀሙን አያቆምም። ሰዓቱ፣ የሬዲዮው ማስታወሻ፣ የአላርሙ መቀበያና የሞተሩ ኮምፒውተር በየፊናቸው ጥቂት ጥቂት ይስባሉ፤ በጤነኛ መኪና የሁሉም ድምር ብዙውን ጊዜ ከ20 እስከ 50 ሚሊአምፔር ነው። ቁጥሩ ሲሰሙት ያነሰ ይመስላል። ሆኖም 50 ሚሊአምፔር በቀን 1.2 አምፔር-ሰዓት፣ በ30 ቀን ደግሞ 36 አምፔር-ሰዓት ይሆናል፤ የትናንሽ መኪኖች ባትሪ በሙሉ አቅሙ የሚይዘው ከ35 እስከ 45 አምፔር-ሰዓት ያህል ስለሆነ፣ በወር ውስጥ ሞተሪኖውን (የሞተሩን ማስነሻ) የሚያዞር ጉልበት አይተርፈውም ማለት ነው። በኋላ የተገጠመ አላርም ወይም የጂፒኤስ መከታተያ ያለበት መኪና ከዚህም ቀድሞ ይወርዳል።

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ግን መኪናው አልነሳ ማለቱ ሳይሆን ባትሪው ላይ የሚደርሰው ጉዳት ነው። ባትሪ ወርዶ ሲቆይ በእርሳስ ሳህኖቹ ላይ የሚፈጠረው ሰልፌት ቀስ በቀስ እየጠጠረ ይሄዳል፤ የጠጠረው ክፍል ቻርጅ ሲደረግ ወደ ነበረበት አይመለስም። ስለዚህ ባትሪው ከሌላ መኪና ተበድሮ ቢነሳም የቀድሞ አቅሙን አያገኝም፣ ሁለት ሦስት ጊዜ እንዲህ ከሆነ በኋላም ዕድሜው ሳይደርስ ይጣላል። አንድ ሙሉ ባትሪ መኪናው ለጥቂት ሰዓታት ካረፈ በኋላ ሲለካ ከ12.6 እስከ 12.7 ቮልት ያሳያል፤ 12.2 ቮልት ሲሆን ግማሽ ያህሉ አልቋል፤ 12 ቮልት ላይ ሲደርስ ደግሞ ሩብ ያህል ብቻ ቀርቶታል። ከ12.4 ቮልት በታች አድርጎ ማሰንበት ሰልፌቱን መጋበዝ ነው።

ወደ ዕቃው ልመለስ። መቁረጫው ሁለት የናስ ክፍሎች አሉት። አንደኛው የባትሪውን ራስ ጨብጦ በ10 ቁጥር ቁልፍ ይጠብቃል፤ ሁለተኛው የመኪናውን የኔጌቲቭ ገመድ ይቀበላል። ሁለቱን የሚያገናኘው እጀታው ያለበት ጥቅጥቅ ያለ ብሎን ሲሆን፣ ሲጠብቅ ናስ ከናስ ጋር ገጥሞ ኤሌክትሪክ ያልፋል፤ ጥቂት ዙር ሲላላ ግንኙነቱ ይቋረጣል፤ ጨርሶ ሲወጣም በኪስ ይያዛል። የሥራው ጥራት የሚለካው በእነዚህ ሁለት ገጾች ነው። ከመግዛቴ በፊት ሱቁ ውስጥ ሦስት ዓይነት አስወጥቼ ተመለከትኩ። የአንደኛው ገጽ በጣት ሲዳሰስ ይሻክራል፣ ጠርዙም ላይ የቀረ ስብርባሪ ነበረው። የሌላው ናስ የሚመስል ቀለም በጥርሱ በኩል ተልጦ ከሥሩ ነጣ ያለ ሌላ ብረት ይታይ ነበር። የወሰድኩት ሦስተኛውን ነው፤ ከበድ ያለ፣ ገጹ ለስላሳና እጀታው ሲዞር የማይነቃነቅ ነበር። ሞተሪኖ በሚያዞርበት ቅጽበት በዚህች ትንሽ ብረት ውስጥ ከመቶ አምፔር በላይ ስለሚያልፍ፣ ገጹ በደንብ ካልገጠመ ይግላል፣ ፕላስቲኩም ይቀልጣል።

የባትሪውን ራስ ውፍረት ሳያዩ መግዛትም አይገባም። እንደ ቪትዝ ያሉ የጃፓን ትናንሽ መኪኖች ባትሪ ብዙውን ጊዜ ራሱ ቀጭን ነው፤ መቁረጫው ለወፍራሙ የተሠራ ከሆነ የቱንም ያህል ቢጠብቅ እየዞረ ያስቸግራል። አንዳንዱ በውስጡ የሚገባ ቀጭን የናስ ቀለበት ይዞ ስለሚመጣ፣ ቀለበቱ ፓኬቱ ውስጥ መኖሩን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ከተገጠመ በኋላ ኮፈኑ ሲዘጋ እንዳይነካውም ማየት ይገባል፤ መቁረጫው የባትሪውን ራስ በጥቂት ሴንቲሜትር ከፍ ያደርገዋልና።

ከገጠምኩት በኋላ በቴስተር (በቮልት መለኪያ) ፈትሼዋለሁ። አንድ ሰው መኪናውን ሲያስነሳ በመቁረጫው ሁለት ጫፎች መካከል የሚጠፋው ቮልት ከ0.1 በታች ነበር፤ ይህ ጥሩ ውጤት ነው። ባትሪውን ሞልቼና እጀታውን ነቅዬ መኪናው ክረምቱን ካሳለፈ በኋላ ደግሞ 12.5 ቮልት አገኘሁበት፤ መኪናውም በመጀመሪያው ሙከራ ተነሳ። የጎደለው ባትሪው በራሱ የሚያጣው ነው። ይህን ማንኛውም መቁረጫ አይከለክለውም፤ ሙቀት በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ግን በእጥፍ ገደማ ይፈጥናል። ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ያለችው የጎንደር አየር ለቆመ ባትሪ ምቹ ናት፤ መተማ ቆላ ላይ የሚቆም መኪና ግን ባትሪው ተቋርጦም ቢሆን ቶሎ ቶሎ መታየት አለበት።

ጉድለቶቹ ቀላል አይደሉም። ኤሌክትሪኩ ሲቋረጥ አላርሙ ይዘጋል፣ በሩ በሪሞት አይከፈትም፣ ሰዓቱና የሬዲዮው ጣቢያዎች ይጠፋሉ፤ አንዳንድ ሬዲዮ ጭራሽ የምስጢር ቁጥር ይጠይቃል። የሞተሩ ኮምፒውተርም የተማረውን ስለሚረሳ መጀመሪያ ላይ የሞተሩ አዟዟር ትንሽ ሊረበሽ ይችላል፤ ጥቂት ሲነዳ ይስተካከላል። ዘበኛ በሌለበት መንገድ ዳር ለሚያድር መኪና አላርሙን መዝጋት የሚመከር አይደለም። ባትሪያቸው ከኋላ ዕቃ መጫኛ ውስጥ በሚገኝና የኋላ በራቸው በኤሌክትሪክ ብቻ በሚከፈት መኪኖችም ላይ መግጠም ራስን ከውጭ መቆለፍ ይሆናል። ሞተሩ እየሠራ እጀታውን መፍታት ደግሞ በምንም ምክንያት አይፈቀድም፤ ባትሪውን የሚሞላው ዲናሞ በዚያ ቅጽበት የሚፈጥረው ከፍተኛ ቮልት ኮምፒውተሩን ሊያቃጥል ይችላል። መቁረጫው በፖዘቲቩ ላይ የማይገጠመውም በምክንያት ነው፤ የያዙት ቁልፍ ፖዘቲቩን ይዞ የመኪናውን አካል ከነካ እሳት ይፈነጥቃል።

አማራጩ ባትሪውን ሁልጊዜ ሙሉ አድርጎ የሚጠብቅ አውቶማቲክ ቻርጀር ነው። እንዲህ ያለው ቻርጀር ባትሪውን ሞልቶ ከጨረሰ በኋላ ቮልቱን ወደ 13.5 ገደማ ዝቅ አድርጎ ያቆየዋል፤ አላርሙም ሰዓቱም እንደ ነበሩ ይሠራሉ። በብቃቱ ከመቁረጫው ይበልጣል፤ አስተማማኝ ሶኬት ያለው ዝግ ጋራዥ ላለው ሰው የምመክረውም እሱን ነው። በእኛ ከተማ ግን መብራት ስለሚቆራረጥ፣ መብራቱ ሲመለስ ሰው ሳይነካው ሥራውን የሚቀጥል መሆኑን ሱቁ ውስጥ ነቅሎ በመሰካት ማረጋገጥ የግድ ነው። አንዳንዱ መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ወደ ተጠባባቂነት ይገባና ቁልፍ እስኪጫን ይጠብቃል፤ ባለቤቱ አዲስ አበባ ሳለ እንዲህ ያለው ቻርጀር ምንም አይጠቅምም። የሚቆጣጠር መሣሪያ የሌለው የድሮው የጋራዥ ቻርጀር ደግሞ ለሳምንታት ተሰክቶ ከቆየ ውሃውን አፍልቶ ባትሪውን ያደርቀዋል።

መኪናውን በየሳምንቱ አስነስቶ ለአምስት ደቂቃ ማቆየት ሲመከር እሰማለሁ፤ በዚህ አልስማማም። ዲናሞ በዝግታ በሚዞር ሞተር ላይ የሚሰጠው ጥቂት ነው፤ የጎደለ ባትሪም በደቂቃዎች ሳይሆን በሰዓታት ነው የሚሞላው። ሞተሩ በቅጡ ሳይሞቅ ስለሚጠፋም ዘይቱና ጭስ ማውጫው ውስጥ እርጥበት ይጠራቀማል፣ በሰልፍ የተገኘው ነዳጅም ይባክናል። ማስነሳት ካስፈለገ ከማራኪ እስከ አዘዞ ደርሶ መመለስን የመሰለ እውነተኛ ጉዞ ይሁን።

ለሻጮቹ አንድ ቅሬታ አለኝ። ፓኬቱ ውስጥ የአማርኛ መመሪያ የለም፤ ሻጩም ለገዢው የሚነግረው እንዴት እንደሚጠበቅ ብቻ ነው። የባትሪው ራስ ወፍራም ወይም ቀጭን መሆኑን መጠየቅ፣ ባትሪው ሞልቶ ከ12.6 ቮልት በላይ ሳይደርስ እንዳይቋረጥ መንገር፣ በራሱ ላይ ያለው ነጭና አረንጓዴ ዱቄት በሙቅ ውሃና በቤኪንግ ሶዳ ታጥቦ ሳይደርቅ መቁረጫው እንዳይገጠም ማሳሰብ ከሻጩ ይጠበቃል፤ ይህ ሁሉ ከአምስት ደቂቃ በላይ አይወስድም።