ያረጀ ኮቴን ላደሱልኝ ልብስ ጠጋኝ ምስጋና፣ ለሚፈልጓቸውም ጥቆማ

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ተለብሶ የቆየ ሆኖ የገዛሁትንና ብል በልቶት የነበረውን የሱፍ ኮት በትዕግሥትና በጥበብ አድሰው ላስረከቡኝ ልብስ ጠጋኝ ምስጋናዬን በአደባባይ ለማቅረብ፣ እንዲሁም ጥሩ አሮጌ ልብስ ይዘው የት እንደሚወስዱት ለተቸገሩ ሰዎች ባለሙያውን ለመጠቆም ነው። ስማቸው በአደባባይ እንዳይወጣ ስለጠየቁኝ አልጠቅሰውም፤ ከልቡ ለሚፈልጋቸው ሰው ግን አድራሻቸውን በግል እንድሰጥ ፈቅደውልኛል።

ስለ ተጣፈ ልብስ ሲነሳ ሁልጊዜ የሚወሳው ለባሹ ነው። የእንግሊዙ ንጉሥ ቻርልስ ሦስተኛ፣ ገና ልዑል ሳሉ፣ እ.ኤ.አ. በ2018 በልጃቸው በሃሪ ሠርግ ላይ የለበሱት ኮት በ1984 የተሰፋላቸው ነበር። እራፊ ቆዳ የተጣፈባቸው ጫማዎቻቸውና ለአትክልት ሥራ የሚለብሱት፣ እራፊ በእራፊ ላይ የተደረበበት ጃኬታቸው በተደጋጋሚ ፎቶግራፍ ተነስተው መነጋገሪያ ሆነዋል፤ እሳቸውም ልብስ ከመጣል ይልቅ ማስጠገን እንደሚመርጡ በግልጽ ተናግረዋል። በ1948 መጨረሻ ሲወለዱ በአገራቸው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ምክንያት በ1941 የተጀመረው የልብስ ራሽን ገና አልተነሳም ነበር። መንግሥትም በእነዚያ ዓመታት ሕዝቡ ያለውን ልብስ እየጠቀመና እየጣፈ እንዲለብስ በይፋ ይቀሰቅስ ነበር። በቤተ መንግሥት ያደገ ልጅ ልብስ አጣ ማለት ባይቻልም፣ ልብስን አለመጣል እንደ ጨዋነት በሚታይበት ዘመን አድጓል ብል ከእውነት የራቅሁ አይመስለኝም።

በአሜሪካም ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። በ1952 ለፕሬዚዳንትነት የተወዳደሩት አድላይ ስቲቨንሰን እግራቸውን አጣምረው በተቀመጡበት የጫማቸው ሶል መበሳቱን ያሳየው ፎቶግራፍ በቀጣዩ ዓመት የፑሊትዘር ሽልማት አገኘ። ደጋፊዎቻቸው ይህንኑ የተበሳ ሶል በትንሽ ባጅ አሠርተው ደረታቸው ላይ አደረጉት፤ ምርጫውን ግን አይዘንሃወር አሸነፉ። ከሁለቱ እኔን የሚማርከኝ የንጉሡ እራፊ ነው። የተበሳ ሶል ሰውየው ሥራ እንደበዛበት ከመናገር አያልፍም፤ በእራፊው ውስጥ ግን ጨርቁን መርምሮ፣ ተስማሚ ክር መርጦ፣ ተቀምጦ የሰፋ ሌላ ሰው አለ። የዚያን ሰው ስም የሚጠይቅ ጋዜጠኛ ግን እምብዛም አላጋጠመኝም።  

እኔም ምስጋናዬን የማቀርበው ለእንዲህ ዓይነቱ ስሙ ለማይጠራ ሰው ነው። ኮቴን ይዤ ስሄድ በግራ ደረቱ ላይ ብል የበሳቸው ቀዳዳዎች ነበሩበት፤ የእጅጌዎቹ ጫፍ ሳስቶ ክሩ ወጥቷል፤ ገበሩም ብብቱ ሥር ተቀዷል። ባለሙያው ወደ ቀዳዳዎቹ ከመሄዳቸው በፊት የደረቱን ጨርቅ ከፊትና ከኋላ በሁለት ጣቶቻቸው ይዘው ቀስ አድርገው ለያዩት። በመካከሉ ነጻ ሆኖ የሚንቀሳቀስ ሌላ ጨርቅ መኖሩን ሲያረጋግጡ ሊጠገን የሚገባው ኮት ነው አሉኝ። ምክንያቱን ሲያስረዱኝ፣ በቀድሞው አሠራር የኮት ደረት ቅርጹን የሚይዘው የፈረስ ፀጉር በገባበት፣ በመርፌ በተያያዘ የውስጥ ጨርቅ ስለሆነ ተፈትቶ ሊታደስ ይችላል፤ በሙጫ የተጣበቀው ግን ሙጫው በሙቀትና በእርጥበት ሲለቅ ጨርቁ እየተነፋ ይበላሻል፤ ያን ጊዜ መርፌ ብዙ አይረዳውም አሉ።

የቀዳዳዎቹ ጥገና ከሁሉ ያስደነቀኝ ነው። ክሩን ከሱቅ አልገዙም፤ ከኮቱ ከራሱ፣ ስፌቱ ውስጥ ታጥፎ ከተደበቀው ትርፍ ጨርቅ አንድ በአንድ መዘዙት። ከዚያም እያንዳንዱን ክር በቀጭን መርፌ፣ የጨርቁን ድርና ማግ ተከትለው አንዱን ከላይ አንዱን ከታች እያሳለፉ ሸመኑት። ክሩ ከዚያው ጨርቅ የወጣና አብሮት ያረጀ ስለሆነ ቀለሙ አይለይም። አሮጌ ኮት ለዚህ ሥራ የሚመቸውም የቀድሞ ሰፊዎች ወደፊት ኮቱን ሰፋ ማድረግ ያስፈልግ ይሆናል ብለው በስፌቱ ውስጥ በቂ ጨርቅ ስለሚተዉ ነው። ገበሩን ፈትተው አሮጌውን እንደ ንድፍ ተጠቅመው አዲስ ቆረጡለት። የሳሳውን የእጅጌ ጫፍ ደግሞ ለመደበቅ አልሞከሩም፤ በቀጭን ቆዳ ከፈፉት። የማይታይ ጥገና ደረት ላይ፣ የሚታይ ጥገና ብዙ በሚፈተግ ቦታ ላይ መሆን አለበት የሚል አቋም አላቸው፤ ኮቱን ለብሼ ከዋልኩ በኋላ ትክክል እንደሆኑ ተረድቻለሁ። ክርኑ ሳይሳሳ ገና ከፋብሪካ እራፊ ተለጥፎበት የሚሸጥ ኮት ከዚህ ጋር ስም እንጂ ግብር አይጋራም።

እምቢ ያሉኝም ነገር አለ። ትከሻው ትንሽ ይጥበብልኝ ብዬ ብጠይቃቸው አልፈቀዱም። ትከሻ ሲነካ እጅጌው፣ ኮሌታውና የደረቱ ሚዛን አብረው ስለሚፈቱ፣ ቀድሞ የሰፋውን ሰው ሥራ አበላሽቼ ገንዘብህን አልወስድም አሉኝ። ወገቡን ግን ያለ ክርክር አጠበቡልኝ። ገንዘብ እየተሰጠው የማይሆነውን አይሆንም የሚል ባለሙያ ስላገኘሁ ነው ይህን ያህል የጻፍኩት።

ወደ እሳቸው ለመሄድ የምታስቡ ሰዎች አስቀድማችሁ ልታውቁት የሚገባው፣ ሥራቸው ፈጣን አለመሆኑን ነው፤ ለቅርብ ሠርግ ወይም ለጉዞ የሚደርስ ልብስ ከፈለጋችሁ ሌላ ሰው ፈልጉ። ዋጋቸውም ልብሱን ብርሃን ላይ ዘርግተው ካላዩት በስተቀር በስልክ አይነግሩም። ልብሱን አጽድታችሁ ውሰዱ፤ ብል የነካውን በተለይ ሳታጸዱ ከሌሎች ልብሶች ጋር አታስቀምጡ። የተንጠለጠለ ክር ካለ አትቁረጡት፣ የወደቀ ቁልፍም ሆነ የተቀደደ እራፊ ካለ አትጣሉት፤ ሁሉንም ይፈልጉታል።