ኮምቦልቻ ላይ የካርማን ጊያና የቮልስ መሪ ለሚሠሩልን ጋሼ

ደሴና ኮምቦልቻ ያላችሁ ባለ ቮልሶች፣ በተለይ ካርማን ጊያ ይዛችሁ መሪው የሚጫወትባችሁ (ጎማው ሳይዞር ባዶውን የሚዞርባችሁ)፣ ሰው ልንጠቁማችሁ ነው። ኮምቦልቻ ያሉት መካኒካችን ስማቸው አደባባይ እንዲወጣ አይወዱም፤ የፈለገ በውስጥ ይጻፍልን፣ አድራሻውን እንልካለን። ምስጋናው ግን በአደባባይ ይሁን። ጋሼ፣ አላህ እጅዎን ይባርክልን!

ካርማን ጊያ ቱሪን ተነድፎ ከ1955 እስከ 1974 እ.ኤ.አ. የተመረተ፣ ላዩን የስፖርት መኪና ነው፤ ታቹ ግን ቮልስ ነው። ስለዚህ ብዙው የመሪ ዕቃ ከቮልስ ይገኛል። የሚጠፋው ዕቃው ሳይሆን በአግባቡ የሚገጥመው ሰው ነው።

መሪ ተጫወተ ሲባል ብዙ ቦታ የሚደረገው አንድ ነገር ነው፤ የመሪውን ማርሽ ሳጥን ማስተካከያ ቡሎን ማጥበቅ። ለጊዜው ጨዋታው ይጠፋል። ነገር ግን ማርሹ በብዛት የሚበላው መሃሉ ላይ ነው፤ የመሃሉ ክፍተት እስኪጠፋ ከጠበቀ ዳርና ዳሩ ላይ ይነክሳል። ያኔ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሐረጎን ቁልቁለት ስትወርዱ ኩርባውን ከጨረሳችሁ በኋላ መሪው በራሱ አይመለስም፤ እጃችሁ ካልመለሰው መኪናው ወደ ጠርዝ ይሄዳል። ይሄ ከጨዋታው የባሰ ነው።

ጋሼ ያንን ቡሎን መጨረሻ ላይ ነው የሚነኩት። መጀመሪያ ፊቱን በክሪክ አንስተው ጎማውን ላይና ታች፣ ቀጥሎ ግራና ቀኝ ይነቀንቃሉ። ግራና ቀኝ ብቻ ከተንቀሳቀሰ ታይሮዱን፣ ማለትም መሪውን ከጎማው ጋር የሚያያይዘውን ዘንግ ያያሉ። ላይና ታችም ካለ የጎማ ኩሽኔታ ነው፣ ወይም ከ1966 ሞዴል በፊት ባሉት ላይ ኪንግ ፒኑ፣ ማለትም የፊት ጎማው ግራና ቀኝ የሚዞርበት ፒን። ለነዚህ አሮጌዎቹ ግራሶ የሚሰጡት ፊቱ ተነስቶ ነው፤ መኪናው ተጭኖት ሳለ ግራሶው ጭነት ያለበት ጎን አይደርስም።

ቀጥሎ የመሪው ዘንግ ነው። መሪውን ይዛችሁ ወደ ላይና ወደ ታች ስትገፉት ቀጭ ቀጭ ካለ የላይኛው ኩሽኔታ አልቋል። መሪውን ሲፈቱ ባትሪውን ነቅለው፣ ጎማውን ቀጥ አድርገው፣ መሪውና ዘንጉ ላይ ምልክት ጭረው ነው። በመዶሻ የዘንጉን ጫፍ አይመቱም። ጥርሱ ይደፈጠጣል፤ በአደጋ ጊዜ እንዲታጠፍ ተደርጎ የተሠራ ዘንግ ከሆነ ደግሞ ያለ አደጋ ታጠፈ ማለት ነው። ምልክቱ ሳይጠበቅ መሪው ዞሮ ከተገጠመ ፍሬቻው በአንዱ በኩል በራሱ አይጠፋም።

ዋናው ጉድ ያለው ታች ነው፤ የመሪውን ዘንግ ከማርሽ ሳጥኑ ጋር የምታገናኘው ክብ የላስቲክ ጎማ። አራት ቀዳዳ አላት፣ በየጎኑ ሁለት ሁለት ቡሎን። ስትሰነጠቅ መሪው ትንሽ ባዶውን ዞሮ ነው የሚይዘው፣ ሰውም ማርሹ አለቀ ይላል። አንዳንዱ ከከባድ መኪና ጎማ ቆርጦ ይገጥማል፤ እባካችሁ አታስደርጉ፣ ቡሎኑ ቀዳዳውን ያሰፋዋል። ጋሼ ውስጧ ሸራ ያለበትን ዋናውን ዕቃ ካላመጣችሁ አይገጥሙም። የቡሎን መቆለፊያ ቆርቆሮዎችንም አዲስ ያደርጋሉ። ከዚህች ጎማ ላይ የምታልፍ ቀጭን ሽቦ ደግሞ አለች፣ የክላክስ መሬት (የኤሌክትሪኩ መመለሻ) ናት። ተረስታ ከቀረች ክላክስ አይሠራም፤ ከዚያ ባለቤቱ ኤሌክትሪሺያን ዘንድ ሲመላለስ ይከርማል።

ይሄ ሁሉ ተሠርቶ ጨዋታ ከቀረ ነው ወደ ማስተካከያው ቡሎን የሚሄዱት። መሪውን ከመሃል ሩብ ዙር አዙረው፣ ዳዶውን አላልተው፣ ቡሎኑን ነካ እስኪያደርግ ብቻ ያጠብቃሉ። በዚያ ቦታ ላይ በመሪው ጠርዝ ሲለካ እስከ 25 ሚሊ ሜትር ጨዋታ ይፈቀዳል፤ ዜሮ ይሁን ብላችሁ አትከራከሯቸው። ሳጥኑ ውስጥም የጎማ ኩሽኔታ ግራሶ አይጨምሩም። ወፍራሙ ተገፍቶ ዳር ይቀራል፣ ማርሹም ይደርቃል። የሚጠቀሙት ፈሰስ የሚለውን ግራሶ ነው።

ቀርፋፋ ናቸው፤ ለዛሬ ለዛሬ የሚል ሌላ ጋራዥ ይፈልግ። የተበላ ዘንግ በብየዳ ሙሉልኝ ብትሏቸውም እንቢ ይላሉ፣ ደግ አደረጉ።

ስትሄዱ ቤንዚኑን ጨርሳችሁ ሂዱ፤ ታንኩ ከወረደ ያቺን የመሪ ዘንግ ጎማ ማግኘት ይቀላል። አርብ ከሆነ በጠዋት ድረሱ፣ ለጁምዓ ይዘጋሉ።