የአቶም ሞዴል መሥሪያው ሳጥን ከመንፈቅ በኋላ፦ ለመቁጠር ይበጃል፣ ለምስል ግን አይታመንም

ልጄ ኬሚስትሪ መማር ስትጀምር የገዛሁት የአቶም ሞዴል መሥሪያ ሳጥን ከመንፈቅ በላይ አገልግሎናል። በውስጡ ኒውክለሱ (ፕሮቶንና ኒውትሮን የሚታጨቁበት የአቶሙ እምብርት) የሚቀመጥበት ጎድጓዳ ሳህን፣ በዙሪያው የሚገጠሙ አራት የፕላስቲክ ቀለበቶችና ሦስት ዓይነት ኳሶች አሉ፦ ቀይ ለፕሮቶን፣ ግራጫ ለኒውትሮን፣ ትንንሽ ሰማያዊ ለኤሌክትሮን። ቀለበቶቹ ከውስጥ ወደ ውጭ 2፣ 8፣ 8 እና 2 ቀዳዳዎች ስላሏቸው ከሃይድሮጅን እስከ ካልሲየም ያሉትን 20 ንጥረ ነገሮች መሥራት ይቻላል።

ጥንካሬው ደህና ነው። ሰማያዊዎቹ ኳሶች ግን እየተንከባለሉ ይጠፋሉ፤ ሕፃን ባለበት ቤት ደግሞ ለመዋጥ የሚመቹ ናቸውና ጥንቃቄ ያሻል። የውጨኛው ቀለበት መያዣ ላልቶ አሁን በማጣበቂያ ነው የቆመው።

ሳጥኑ ዋጋውን የሚያወጣው ቆጠራ ላይ ነው። ሳህኑ ላይ 6 ቀይ ኳስ ካለ ካርቦን ነው፤ ግራጫዎቹ 6 ቢሆኑም 8 ቢሆኑም ስሙ አይለወጥም። 8 ሲሆኑ ግን በ5,730 ዓመት ገደማ ግማሹ የሚፈርሰው ካርቦን 14 ይሆናል፤ ቁጥሩ የቀዮቹና የግራጫዎቹ ድምር ነው። አንዱን ግራጫ አንሥቶ በቀይ መተካት ደግሞ የፈረሰው ካርቦን ወደ ናይትሮጅን መቀየሩን ያሳያል። አይሶቶፕ የሚባለውን፣ ማለትም በኒውትሮን ብዛት ብቻ የሚለያይ ያንኑ ንጥረ ነገር፣ በዚህ ፍጥነት ያስረዳኝ ሥዕል አላየሁም።

ከሁሉ የጠቀመን ግን የሳጥኑ ጉድለት ነው። ለአርጎን 18 ቀይ፣ 18 ሰማያዊና 22 ግራጫ ያስፈልጋል፤ ሳጥኑ ያለው ግራጫ 20 ብቻ ነው። በአየር ውስጥ ካለው አርጎን ከ99 በመቶ በላይ የሚሆነው አርጎን 40 ስለሆነ፣ አምራቹ ሁለት ኳስ ቆጥቦ ዋናውን አርጎን አስቀርቶብናል። መመሪያው ስለዚህ አንዲት ቃል አይተነፍስም። ሁለት የልብስ ቁልፍ ጨምረን ሞላነው። ቀጥሎ የመጣው ፖታሲየም 19 ቀይና 20 ግራጫ፣ በድምሩ 39 ሆነ። ልጄ ወዲያው «ከቀለለ ታዲያ ለምን በንጥረ ነገሮች ሰንጠረዥ ከአርጎን ኋላ ተቀመጠ?» አለች።

ጥያቄው የዋዛ አይደለም። ሩሲያዊው ኬሚስት ሜንዴሌቭ እ.ኤ.አ. በ1869 ሰንጠረዡን ሲያወጣ ንጥረ ነገሮቹን የደረደረው በዋናነት በአቶማዊ ክብደታቸው ነበር። በ1894 የተገኘው አርጎን ከፖታሲየም ከብዶ ሥርዓቱን አናጋው። ነገሩ የጠራው እንግሊዛዊው የፊዚክስ ሊቅ ሞዝሌይ በ1913 ንጥረ ነገሮች የሚያወጡትን ኤክስሬይ መለካት ከጀመረ በኋላ ነው፤ ተራውን የሚወስነው ክብደቱ ሳይሆን የኒውክለሱ ሙል፣ ማለትም የፕሮቶኖቹ ብዛት ሆኖ ተገኘ። ቀዮቹን ብቻ ስንቆጥር 18፣ 19፣ 20 እያሉ ያለ ስህተት ይሄዳሉ።

ምስሉ ላይ ስንመጣ ግን ሳጥኑ ልጅ ያሳስታል። የኛ ኒውክለስ ስፋቱ 3 ሴንቲሜትር ያህል ነው፤ መጠኑ ተጠብቆ ቢሠራ የካርቦን የውጨኛው ቀለበት በመቶ በሚቆጠሩ ሜትሮች ርቆ፣ ከቤቱም ከግቢውም ወጥቶ መቀመጥ ነበረበት። ኤሌክትሮኑም የፕሮቶኑን ግማሽ አክሎ ተሠርቷል፤ በእውነተኛው አቶም ክብደቱ የፕሮቶኑ 1/1836 ገደማ ነው። በቀለበት ላይ የተደረደረው ኤሌክትሮን የፊዚክስ ሊቁ ቦር በ1913 ያቀረበው ሐሳብ ነው፤ ከሌላው የፊዚክስ ሊቅ ከሽሮዲንገር የ1926 ሥራ ወዲህ የሚታወቀው ግን ኤሌክትሮኑ ሊገኝ የሚችልበት ደመና እንጂ የተሰመረ መንገድ አይደለም። ይህን ለማሳየት ሳጥኑን ዘግተን ወረቀት ላይ ነጠብጣብ አበዛን፤ መሃሉ ላይ ጥቅጥቅ፣ ወደ ዳር ሳሳ እያለ። የሃይድሮጅንን ነገር ከኳሶቹ በተሻለ አስረዳ።

ሦስተኛው ቀለበት 8 ቀዳዳ ብቻ መያዙም ያስቆጨኛል፤ ትክክለኛው ልኩ 18 ነው። እስከ ካልሲየም አይታወቅም፣ ከ21ኛው ንጥረ ነገር ከስካንዲየም ጀምሮ ግን ልጁ የለመደውን ማፍረስ ግድ ይሆናል። ሶዲየም ኤሌክትሮኑን ለክሎሪን ሲሰጥ ለማሳየትም ሁለቱ 28 ሰማያዊ ኳስ ስለሚፈልጉ አንድ ሳጥን አይበቃም።

ካርቶን ላይ ክብ አስምሮ ሦስት ቀለም ቁልፍ መደርደር ቆጠራውን እኩል ያስተምራል፤ እጁ ሥራ የሚወድ ሰው ገንዘቡን ይቆጥብ። መግዛት የፈለገ ደግሞ ከመክፈሉ በፊት ግራጫዎቹን ኳሶች ይቁጠር፤ ከ22 ካነሱ ሌላ ይፈልግ።